የአየር ጠባይ ትምህርት ለአብራሪዎች፤ ለነጋዴውስ ምኑ ነው?

ነጋዴ ሁለት ነገር ሳይጠይቅ ዕቃውን አይጭንም፤ አንደኛው የገበያው ዋጋ፣ ሁለተኛው የመንገዱ ሁኔታ ነው። ከውርጌሳ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ፣ ወይም በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ወደ ደሴ የሚያመራ ሰው፣ በክረምት ወራት ጎርፍ መንገዱን ዘግቶት እንደ ሆነ፣ ጭጋግም በዳገቱ ላይ ተኝቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ሳይጠይቅ ቢነሣ ኪሳራው የራሱ ነው። መንገዱ በሰማይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጥያቄውን የሚጠይቅልን ሌላ ሰው ነው፤ እርሱም አብራሪው ነው። ቲኬት ቈርጠን በወንበራችን ላይ ስንቀመጥ፣ ወይም ሸቀጣችንን ለአየር ጭነት ስናስረክብ፣ ሕይወታችንንና ገንዘባችንን አደራ የምንጥለው በመኪናው ብርታት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ አብራሪው ስለ ነፋስና ስለ ደመና ባለው ዕውቀት ላይም ጭምር ነው።

ይህ ዕውቀት የሚሰጥበት መንገድ በዘመናችን በብዙ ተለውጧል። ቀድሞ አብራሪ የአየር ጠባይን የሚማረው በክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሥለውን የደመና ሥዕል በደብተሩ እየገለበጠ ነበር። ዛሬ ግን ከዚሁ ትምህርት ብዙው ክፍል በኢንተርኔት መረብ ይሰጣል፤ ተማሪው በቤቱም ሆነ በሥራ ቦታው ኮምፒዩተር ከፍቶ ትምህርቱን ይከታተላል፤ ፈተናውንም በዚያው ይፈተናል። ይህ ለውጥ ለአብራሪዎችና ለአየር መንገድ ሹማምንት ብቻ የሚተው ጉዳይ ነውን? ወይስ እኛ ነጋዴዎች የምንለው አለን? በእኛ በኩል አለን ብለን እናምናለን። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ በመረብ የሚሰጠው ትምህርት የሚደገፍ ነው፤ ነገር ግን የራሳችንን ሰማይ የማያስተምር፣ ያለ መምህርም የሚሰጥ የሆነ እንደ ሆነ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎውንም ለመሙላት የንግዱ ኅብረተሰብ ድርሻ አለው።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማስታወስ ጥቂት ታሪክ መናገር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ምድር መጀመሪያ አይሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ወዲያውም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የተባሉት ወጣቶች አብራሪነትን ተምረው በዚህ ሙያ ለአገራቸው የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ጊዜ አይሮፕላኖቹን የሚነዱት አሜሪካውያን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኞችን አይሮፕላን በአዛዥነት በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። የአየር ጠባይን የመመልከት ሥራም በዘመናዊ መልክ የተደራጀው መጀመሪያ በሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሥር ለበረራ ደኅንነት ሲባል ነው፤ ኋላም ታኅሣሥ 22 ቀን 1973 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 201 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ይኸው ነው። እንግዲህ በአገራችን የሰማይ ጥናትና የአይሮፕላን ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው ያደጉ መሆናቸው ከዚህ ይታያል።

አንዳንድ አንባቢ፣ «ውርጌሳ የአይሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሩቅ አይደለም። ከውርጌሳ፣ ከመርሳ ወይም ከወልድያ በአይሮፕላን መሄድ የፈለገ ሰው ወይ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ወይ ወደ ላሊበላ ይወጣል። ወደ አዲስ አበባ ለግዢ የሚሄደው ነጋዴ፣ ለሕክምና የሚላከው በሽተኛ፣ ከውጭ አገር ዘመዱን ሊጠይቅ የሚመጣው ወገናችን፣ ላሊበላን ሊሳለም የሚመጣው እንግዳ፣ ሁሉም ከእነዚህ በአንዱ ያልፋል። ሁለቱም ማረፊያዎች በተራራ የተከበቡ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላቀ ከፍታ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ የማረፊያው ጠባይ የእኛም ጉዳይ ነው። ደግሞም ሀብሩ ወረዳ ከሚሌ ወንዝ እስከ አላውሃ በምሥራቁ ትልቅ ገደል እግር ላይ የተዘረጋ አገር ነው፤ በስተ ምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ተንጣሏል። ይህ አቀማመጥ ለአብራሪ ከባድ ከሚሆኑት አቀማመጦች አንዱ ነው።

ምክንያቱን ገበሬያችን በዓይኑ የሚያየው ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የቆላው ምድርና የገደሉ ፊት ይሞቃል፤ የሞቀውም አየር እየቀለለ በተራራው ጎን ሽቅብ ይወጣል። እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው እርጥበትም ደመና ይሆናል። በጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው የአምባሰል ራስ ከቀትር በኋላ ደመና ተጠምጥሞበት የሚታየው ስለዚህ ነው። በበልግና በክረምት ይኸው ደመና ወደ ላይ እየተከመረ ነጐድጓድና በረዶ የሚያዘንብ ይሆናል፤ ማታ ደግሞ የቀዘቀዘው አየር በየሸለቆው ቍልቍል ይፈስሳል። ብርቱ ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድም ውሃ በድንጋይ ላይ ዘሎ እንደሚንከባለል፣ አየሩ ከተራራው ወዲያ ማዶ ሞገድ እየሠራ ይንከባለላል፤ ይህን ሞገድ ዓይን አያየውም፤ አይሮፕላን ግን ይመታዋል። በአውሮጳ ሜዳ ላይ ለሚበር አብራሪ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን በአንድ ምዕራፍ ጠቅሶት ያልፍ ይሆናል፤ በእኛ አገር ለሚበር ግን የዕለት እንጀራው ነው።

ሌላው ነገር የአየሩ መሳሳት ነው። የአዲስ አበባ የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይብሱን ይሳሳል። በሳሳ አየር ውስጥ ክንፉ የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው የሩጫ ርቀትም ይረዝማል። ስለዚህ አብራሪው የሙቀቱንና የነፋሱን ልክ ተመልክቶ አንዳንድ ጊዜ ጭነት እንዲቀነስ ያዛል። ነጋዴውም በመጋዘኑ በር ቆሞ፣ «ዕቃዬ ለምን ቀረ? ማን አስቀረው?» እያለ ይቆጣል። ያስቀረው ሰው አይደለም፤ የቀኑ ሙቀት ነው። ይህን የተረዳ ነጋዴ በሌላ ጊዜ ዕቃውን በማለዳ በረራ ለማስጫን ይጠይቃል፤ ያልተረዳው ግን ሲጣላ ይኖራል። ስለዚህ የአየር ጠባይ ትምህርት ለአብራሪው የሕይወት፣ ለነጋዴው ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ትምህርቱ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን ከሌላው ዓለም ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1975 በኒው ዮርክ ከተማ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን በነጐድጓድ ውስጥ ለማረፍ ሲሞክር ወድቆ 113 ሰዎች ሞቱ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የጃፓን ተወላጅ ፕሮፌሰር ፉጂታ የአደጋውን ምክንያት መርምረው፣ ከነጐድጓድ ደመና ሥር ብርቱ አየር እንደ ፏፏቴ ቍልቍል ወርዶ መሬት ሲነካ ወደ ዙሪያው እንደሚበተን አስረዱ። ወደዚህ አየር የገባ አይሮፕላን መጀመሪያ ነፋሱ ከፊቱ ስለሚመጣበት ከፍ ይላል፤ አብራሪውም ከልኩ አለፍኩ ብሎ የሞተሩን ኀይል ይቀንሳል። ወዲያው ግን የሚወርደው አየር ይጫነዋል፤ ቀጥሎም ነፋሱ ከኋላው ይሆንና ክንፉ የሚሸከመውን ያጣል። ያን ጊዜ የቀነሰውን ኀይል መልሶ እስኪያገኝ መሬቱ ይደርስበታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1985 በዳላስ ከተማ ይኸው ዓይነት አደጋ ደርሶ 137 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የአሜሪካ መንግሥት የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ከአይሮፕላን ፋብሪካዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአብራሪዎች ልዩ የማስተማሪያ ጽሑፍ አወጣ፤ ይህን ነፋስ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም በአይሮፕላኖች ላይ እንዲተከል አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ምክንያት የሚደርሰው አደጋ እጅግ ተመናምኗል። ነፋሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአብራሪው ዕውቀትና የመሣሪያው ብልኀት ነው። «ካላወቁ አለቁ» ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ባይናገሩም ነገሩ ይኸው ነው።

ከእኛው ደጃፍ የተነሣ ሌላ ምሳሌም አለ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ አይታወቅም ነበር። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በሕንድም በረራዎች ተሠረዙ። ከዚያ ቀደም በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር ውስጥ ያለው የናብሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በአካባቢያችን ብዙ በረራ አስተጓጕሎ ነበር። የአመድ ደመና ከሩቅ ሲያዩት እንደ ተራ ደመና ነው፤ ዝናብን የሚያሳየው የአይሮፕላን ራዳር አመድን አያሳይም። ወደ ሞተሩ የገባ አመድ በውስጡ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ቀልጦም በሞተሩ ቅጠሎች ላይ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ1982 በኢንዶኔዥያ ሰማይ የአንድ ትልቅ የእንግሊዝ አይሮፕላን አራቱም ሞተሮች በአመድ ምክንያት ጠፍተው፣ አብራሪዎቹ ከብዙ ጭንቀት በኋላ መልሰው አስነሥተው በደኅና አርፈዋል። እንግዲህ ዓይንም ራዳርም የማያሳየውን ነገር አብራሪው በምን ያውቀዋል? ከማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ዘጠኝ የእሳተ ገሞራ አመድ ማስጠንቀቂያ ማእከሎች አሉ፤ የእኛን ክፍለ ዓለም የሚጠብቀው በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ ያለው ነው። የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ማንበብና ከካርታ ጋር ማስተያየት የሚቻለው ግን በትምህርት ነው። ሀብሩ ከአፋር ጋር የሚዋሰን አገር ስለ ሆነ፣ አመድ ከሚነሣበት ምድር የእኛን ያህል ቅርብ የሆነ ጥቂት ነው።

የአንበጣውንም ጉዳይ አንርሳ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ቆላማ ወረዳዎች ወርዶ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ እንደ በላ ገበሬውም ነጋዴውም ያስታውሰዋል። አንበጣን ለመከላከል የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ገና እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ ተስማምተው የጋራ ድርጅት አቋቁመዋል፤ ዋነኛው መሣሪያም መድኀኒት የሚረጭ አይሮፕላን ነው። ይህ አይሮፕላን በዝቅታ፣ በሸለቆ መካከል ይበራል። መንጋው ሌሊት ካደረበት ሳይነሣ በማለዳ፣ ወይም ወደ ማታ ሲያርፍ ካልተረጨ ድካሙ ከንቱ ነው፤ በቀትር ቢረጭ ከሞቀው ምድር የሚነሣው አየር መድኀኒቱን ያንሳፍፈዋል፤ ነፋሱ ሲበረታም ወደ ሰው ቤትና ወደ ንብ ቀፎ ይወስደዋል። ስለዚህ የርጭት አብራሪ ስለ ሸለቆ ነፋስ ያለው ዕውቀት ያንድ ወረዳን መከር እስከ ማዳን ይደርሳል። መከሩ ከጠፋ ደግሞ የውርጌሳ ገበያ ምን ይሸጣል? ምንስ ይገዛል?

አሁን ወደ መረቡ ትምህርት እንመለስ። በመረብ መማር ያለው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ደመና የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ በሰሌዳ ላይ የተሣለ ደመና ግን ቆሞ ይቀራል። በኮምፒዩተር መስታወት ላይ ተማሪው ከሳተላይት የተነሣውን ሥዕል በየሩብ ሰዓቱ እያስኬደ፣ ነጐድጓዱ ሲወለድ፣ ሲያድግና ሲሞት ያያል። ያልገባውን ክፍል ሳያፍር አሥር ጊዜ ይደግመዋል። በሥራ ላይ ያለ አብራሪም ከበረራ በተረፈው ሰዓት ዕውቀቱን ያድሳል። ዋጋውም ቀላል ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ኮሜት የተባለው ተቋም፣ ሜትኤድ በሚባለው የመረብ ትምህርት ቤቱ ስለ ጉምና ዝቅተኛ ደመና፣ ስለ በረዶ መጋገር፣ ስለ አየር መናወጥና ስለ እሳተ ገሞራ አመድ የተዘጋጁ ትምህርቶችን ያለ ክፍያ ለዓለም ሁሉ ይሰጣል። በመርሳ ወይም በውርጌሳ ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስልክና መረብ ካገኘ፣ በቦልደር ያለ ተማሪ የሚያየውን ያያል። ይህ አባቶቻችን ያላገኙት ዕድል ነው።

ነገር ግን ጥቅሙን ስንናገር ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባንም። መጀመሪያ፣ በመረብ የሚማር ሰው ትምህርቱን ሳይረዳ ገጹን እየገለበጠ እስከ መጨረሻው መድረስ ይችላል፤ ፈተናውንም ደጋግሞ በመሞከር ያልፈዋል። የምስክር ወረቀቱ በእጁ ይሆናል፤ ዕውቀቱ ግን በራሱ ውስጥ አይሆንም። ነጋዴ ያልመዘነውን እህል በደረሰኝ ብቻ አይረከብም፤ የአብራሪም ዕውቀት መመዘን ያለበት በመምህር ፊት በቃል ጥያቄ፣ ከዚያም በምድር ላይ በቆመው የበረራ ማስመሰያ መሣሪያ ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥ ማዕበሉ በድንገት ይለቀቅበታል፤ እጁ ምን እንደሚያደርግም ይታያል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሕግ ለእያንዳንዱ የአብራሪነት ፈቃድ የአየር ጠባይ ዕውቀትን ግዴታ ያደረገው ለወረቀት ሲባል አይደለም። ሁለተኛ፣ በመረብ የሚገኙት ትምህርቶች ምሳሌዎቻቸው በአብዛኛው የሌላ አገር ናቸው፤ ስለ አሜሪካ የበረዶ ማዕበል በደንብ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ከቀትር በኋላ በአምባሰልና በላስታ ላይ ስለሚቆመው ደመና ያልተማረ አብራሪ ለእኛ በግማሽ የተማረ ነው። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋና መረብ ሲቋረጥ ትምህርቱም አብሮ ይቋረጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ላይ ወርዶ የሚቀመጥ ዝግጅት ያስፈልጋል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታሰበው የቋንቋ ነገር ነው። ለዚህ ከውርጌሳ ሩቅ ሳንሄድ ውጫሌን እናስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ትርጉም ስለ ነበረው ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት ሆነ። የአንድ ቃል ትርጉም መለያየት ምን እንደሚያስከትል ከእኛ አካባቢ ሰው ይበልጥ ሊያውቅ የሚገባው የለም። የበረራ ቋንቋ በዓለም ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ይህ እንዲለወጥ አንጠይቅም። ነገር ግን በገጠር ማረፊያ ላይ ሆኖ ሰማዩን አይቶ የሚነግረው ሰው፣ የአየሩን ሁኔታ በስልክ የሚያስታውቀው ታዛቢ፣ ትምህርቱን የሚጀምረውም ወጣት በአማርኛ ያስባሉ። በአማርኛችን «ጉም»ና «ጭጋግ» አንዱ ባንዱ እየተተካ ይነገራል። በበረራ ሕግ ግን ዓይን የሚያየው ርቀት ከ1,000 ሜትር ሲያንስ አንድ ነገር ነው፤ ከ1,000 እስከ 5,000 ሜትር ሲሆን ሌላ ነገር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አይሮፕላኑ ያርፋል ወይስ ይመለሳል የሚለውን ውሳኔ ይለውጣል። ለመጀመሪያው ጉም፣ ለሁለተኛው ጭጋግ ብለን በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ብንስማማ ምን ይጐዳናል? እኛ እስካየነው ድረስ በመረብ ላይ ለአብራሪነት ጀማሪ በአማርኛ በሚገባ የተሰናዳ የአየር ጠባይ ትምህርት አላገኘንም። ይህን ማሰናዳት የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ቢተባበሩበት ለማንም የማይከብድ ሥራ ነው።

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ካልን ስለ ራሳችን ስለ ነጋዴዎቹም አንድ ነገር እንበል። አብራሪ ሁሉን ተምሮ ቢመጣ፣ በረራ ሲዘገይ የምንጮኸው እኛው ነን። ላሊበላ ላይ ደመና ወርዶ አይሮፕላኑ ወደ መጣበት ሲመለስ፣ «ከተማው ታየኝ፤ ለምን አላረፈም?» የሚል መንገደኛ አይጠፋም። ጩኸቱ በአየር መንገዱ ቢሮ፣ ከቢሮውም በአብራሪው ጆሮ ይደርሳል። የበረራ ደኅንነት መርማሪዎች በብዙ አገር ከሚጠቅሷቸው የአደጋ መነሻዎች አንዱ ይኸው የመድረስ ጉጉት መሆኑን ማወቅ አለብን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በአየር ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። በአንድ ዳሽ 8-400 አይሮፕላን ውስጥ ከሰባ የሚበልጥ ሰው ይቀመጣል፤ የአንድ ቀን ገበያ ቢቀር በማግሥቱ ሌላ ገበያ አለ። ስለዚህ ነጋዴው በስምምነቱና በቀጠሮው ላይ የአንድ ቀን መዘግየትን አስቀድሞ ቢያስብ፣ ለአብራሪው ከማንኛውም የመረብ ትምህርት የማይተናነስ እርዳታ ያደርግለታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚከተለውን አሳብ ለንግድ ምክር ቤቶቻችን እናቀርባለን። በመጀመሪያ፣ የወልድያና የመርሳ ነጋዴዎች ተባብረው ኮምፒዩተርና የመብራት መጠባበቂያ ያለው አንድ የማንበቢያ ክፍል ቢያቋቍሙ፣ ወጣቶች ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የአየር ጠባይ ትምህርት እንዲከታተሉበት ማድረግ ይቻላል። ከእነዚህ መካከል አብራሪ የሚሆን ጥቂት ቢሆንም፣ የቀረው የአየር ጠባይ ታዛቢ፣ የእርሻ ባለ ሙያ፣ የመድን ሠራተኛ ወይም ሰማዩን የሚያነብ ነጋዴ ይሆናል፤ የባከነ ትምህርት አይሆንም። ሁለተኛ፣ በአጠገባችን ያሉት የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከልና የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስለ አካባቢው ዝናብ፣ ሙቀትና ነፋስ የሚያውቁትን ለአብራሪዎች ትምህርት በሚጠቅም መልክ እንዲያዘጋጁ ምክር ቤቱ ይጠይቅ፤ የገደሉን እግር ጠባይ የሚያስረዳ አንድ ትምህርት በመረብ ላይ ቢወጣ፣ በዚህ ሰማይ የሚያልፍ የውጭ አገር አብራሪም ይጠቀምበታል። ሦስተኛ፣ በረራን የሚመለከቱ መሥሪያ ቤቶች በመረብ የሚሰጠውን ትምህርት ሲያጸድቁ የመምህርን ፈተናና የማስመሰያ መሣሪያን ልምምድ እንዳያስቀሩ እናሳስባለን፤ የክፍል ኪራይ ለመቈጠብ ሲባል መምህርን ማስቀረት መሠረቱን ትቶ ጣሪያ መሥራት ነው። አራተኛ፣ ይህ ምክር ቤት በሚያወጣው ጽሑፍ ላይ ከእህልና ከቅመም ዋጋ አጠገብ የሳምንቱ የአየር ጠባይ ትንበያ እንዲወጣ ቢደረግ፣ ነጋዴው ከአብራሪው ጋር አንድ ቋንቋ መናገር ይለምዳል።

ወጪው ብዙ ነው የሚል ቢኖር፣ ሒሳቡን እንዲያስተያይ እንለምነዋለን። አንድ አይሮፕላን ከመድረሻው ተመልሶ ነዳጁን በከንቱ ሲያቃጥል፣ ሰባው መንገደኛ ለሆቴል ሲከፍል፣ ሸቀጡ ቀኑ አልፎበት ሲበላሽ፣ ቀጠሮው ሲፈርስ የሚጠፋው ገንዘብ ከአንድ የማንበቢያ ክፍል ወጪ የሚያንስ አይደለም። ይህም በደኅና የተመለሰ እንደ ሆነ ነው፤ ያልተመለሰ እንደ ሆነ ግን በገንዘብ የሚተመን ነገር የለም።

አባቶቻችን መርካቶንና አሰብን በበቅሎ ይነግዱ በነበሩበት ዘመን፣ ቅፍለቱ ከመነሣቱ በፊት ስለ ወንዙና ስለ ሽፍታው የሚጠይቅ መሪ ነበራቸው፤ መሪውንም ያከብሩት፣ ቃሉንም ይሰሙ ነበር። የዛሬው ቅፍለት በደመና መካከል ያልፋል፤ መሪውም አብራሪው ነው። መሪያችን በደንብ እንዲማር መርዳትና «ዛሬ አይሄድም» ሲለንም ቃሉን መቀበል፣ ለራሳችን ንግድና ለወገናችን ሕይወት የምናደርገው ጥንቃቄ ነው እንላለን።